የጓዳ ጥያቄ፦ ሰው ሳያይ የምንበላው

ባለፈው እትም አንድ ነገር ጠይቄያችሁ ነበር። ሰው ሳያይ የምትበሉት ምንድን ነው? ብዬ። ሦስት አራት ደብዳቤ ቢመጣ ነው ብዬ ነበር። የመጣው ግን አንድ ፌስታል ሙሉ ነው። አንዳንዱ በደብተር ወረቀት ተጽፏል። አንዳንዱ በስልክ ተልኮ ልጄ በእጇ የገለበጠችልኝ ነው። ሁሉንም አንብቤያለሁ። አብዛኞቻችሁ መጨረሻ ላይ "እባክዎ ስሜ አይውጣ" ብላችኋል። እሺ፣ ስም አላወጣም። ግን የራሱን ምግብ በራሱ ቤት የበላ ሰው እንዲህ መሳቀቁ ከልቤ አሳዝኖኛል።

ለማታውቁኝ፣ እኔ 26 ዓመት ባሕር ዳር ከተማ፣ ጣና ዳር ዓሣ ስጠብስ የኖርኩ ሴት ነኝ። ደንበኛ በግልጽ የሚያዘውንም፣ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ የሚጠይቀውንም አውቃለሁ። "እትዬ፣ ትንሽ ማር አይጠፋም?" ብለው የቀረሶ ጥብስ ላይ የሚያፈሱ ሰውዬ ነበሩ። ሁልጊዜ ጥግ ይዘው ጀርባቸውን ለሰው ሰጥተው ነው የሚቀመጡት። ዓመታት እንዲያ በሉ።

የራሴንም ልናገር። ትኩስ የዳጉሳ እንጀራ ላይ ማር እቀባለሁ። ማሩ ላይ ሚጥሚጣ እነሰንሳለሁ። አያቴ ዘጌ ነበረች። ዘጌ በገዳሙ ሥርዓት በሬ ጠምዶ ማረስ የለም። ኑሮው ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ነው። እሱ ተሽጦ እህል ከገበያ ይመጣል። ወጥ ያልተሠራ ቀን አያቴ ለእኛ ለልጆቹ ማርና ሚጥሚጣ ታደርግልን ነበር። ጨጨብሳ በማርና በበርበሬ ቅቤ አጣጥሞ የሚበላ ሰው ይህን ስነግረው ፊቱን ያጨማድዳል። ልዩነቱ እስካሁን አልታየኝም።

ወደ ደብዳቤዎቹ ልሂድ።

"ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ዓሣ ጉላሽ በእርጎ እወዳለሁ። ትኩሱ ላይ ቀዝቃዛ እርጎ አፈስበታለሁ። አማቴ ከገጠር መጥተው ይህን ሲያዩ ሳህኑን ከፊቴ አነሱት። 'ዓሣና ወተት አንድ ላይ ለምጽ ያወጣል' አሉኝ። አሁን ሁሉም ሲተኛ ተነስቼ ነው የምበላው። እውነት ያወጣል?" — ከሽምብጥ

አያወጣም፣ ወንድሜ። ለምጽ የሚመጣው የሰውነታችን መከላከያ ተሳስቶ ለቆዳ ቀለም የሚሰጡትን ሴሎች ሲያጠቃ ነው። ዓሣም ወተትም አያመጡትም። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ይህችን ጨምሬ የጻፍኩት ለምጽ ያለባቸው ሰዎች በእንዲህ ያለ ወሬ ሲገለሉ ስላየሁ ነው።

በዓለም ላይ አንተ ብቻ አይደለህም። ቤንጋሎች ዓሣን በእርጎ መረቅ ነው የሚያበስሉት። የእንግዳ ምግብ ነው። ፊንላንዶች የዓሣ ሾርባቸው ውስጥ ወተት ወይም ክሬም ይጨምራሉ።

አማትህ ግን ዝም ብለው አልተናገሩም። እኔ እንደሚመስለኝ ነገሩ የመጣው ሁለቱም ቶሎ የሚበላሹ በመሆናቸው ነው። ፍሪጅ በሌለበት ዘመን፣ በዚህ በእኛ ሙቀት፣ ጠዋት የወጣ ዓሣ ከሰዓት በኋላ ሌላ ነገር ነው። ያደረ ዓሣና የተበላሸ ወተት አንድ ላይ በልቶ የታመመ ሰው ጥፋቱን በመደባለቁ ላይ ቢጥል አይፈረድበትም። ስለዚህ ዓሣውን ስትገዛ እይ። ዓይኑ ያልደፈረሰ፣ ስንጥቡ ቀይ የሆነ፣ በጣት ስትጫነው ተመልሶ የሚሞላ ይሁን። እርጎውም ከተፈላ ወተት ቢሆን ይሻላል። ወተቱን አፍላው፣ ለብ ሲል አንድ ማንኪያ የድሮ እርጎ ጨምርበት፣ ይረጋልሃል። ጥሬ ወተት ከላሟ በሽታ ሊያመጣ ይችላል።

አንድ የሙያ ምክር ልጨምር። በእርጎ ስትበላ ቀረሶ ምረጥ። ነጭ ዓሣ ጣዕሙ ጥሩ ነው፤ ግን ሥጋው መሐል እንደ ሹካ የተሰነጠቀ ቀጭን አጥንት አለው። እርጎው ሲሸፍነው አይታይህም። ሌሊት፣ በጨለማ፣ ተደብቀህ የምትበላው ከሆነ ደግሞ ጉሮሮህን ይወጋሃል። ይህን የምለው ላስፈራራህ አይደለም። በእኔ ቤት አጥንት የተሰነቀረበትን ሰው ይዤ ሆስፒታል ሮጬ አውቃለሁ። መብራት አብርተህ፣ ማዕድ ላይ ተቀምጠህ ብላ። እርጎውን በሌላ ሰሃን ለብቻ አስቀምጥ። አማትህ እየበላህ ሳትታመም ያዩሃል። በክርክር አታሸንፋቸውም፣ አትሞክር።

"ፔዳ ግቢ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የዶርም ጓደኛዬ የጅግጅጋ ልጅ ነው። ሩዝ በሙዝ መብላት አስለመደኝ። አሁን ያለ ሙዝ ሩዝ አይወርድልኝም። ለእረፍት ደብረ ታቦር ስሄድ ሙዝ በጃኬቴ ደብቄ ነው ጓዳ የምገባው። እናቴ ብታይ የታመምኩ ነው የሚመስላት።"

ደህና ነህ ልጄ። ሶማሌ ቤት ሩዝ ሲቀርብ ሙዝ አብሮ ይቀርባል። ልጠው ከሩዙና ከሥጋው ጋር እየቆረሱ ይጎርሱታል። ፓስታም ላይ ያደርጉታል። እኔም ሞክሬዋለሁ። ሩዙ በርበሬና ሥጋ ካለው ሙዙ አፍ ያበርዳል። ባዶ ነጭ ሩዝ ላይ ግን ብዙም አልጣፈጠኝም።

ለእናትህ እንዲህ በላቸው። ወደ ደብረ ታቦር ስትሄድ መኪናው በወረታ በኩል ያልፋል። ግራ ቀኙ ፎገራ ነው፣ የሩዝ አገር። የዚያ አካባቢ ሴቶች የሩዝ ዱቄት ከጤፍ ቀላቅለው እንጀራ ይጋግራሉ። ያን እንጀራ መጀመሪያ የጋገረችው ሴት ምን ተብላ ይሆን? ዛሬ ገበያ ላይ የሩዝ ቅልቅል ማለት ተራ ነገር ነው። ደግሞም ጓደኛህ ቤቱን አካፍሎሃል። በሚቀጥለው እረፍት እሱን ይዘኸው ሂድና እናትህ ፊት አብራችሁ ብሉ።

"የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። የምጽፍልዎት በጣም አፍሬ ነው። ዝናብ ሲጥል የአፈሩ ሽታ ያሳብደኛል። ከጓሮ ካለው የጭቃ ግድግዳ እየፈረፈርኩ መብላት ጀምሬያለሁ። ባሌም አያውቅም። አሮጊቶቹ አምሮት ነው፣ ካልበላሽ ልጁ ላይ ምልክት ይወጣል ይላሉ።"

ይህን ደብዳቤ ከሁሉም በፊት ለአዋላጅ ነርሷ ልጄ ነው ያነበብኩላት። እህቴ፣ አትፈሪ። ብዙ ነፍሰ ጡሮች ላይ ይመጣል። ከሰልም፣ አመድም፣ ጠመኔም የሚያምራቸው አሉ። ብዙ ጊዜ ከደም ማነስ ጋር አብሮ ይገኛል። ማለትም ሰውነትሽ ብረት አንሶት ይሆናል። የግድግዳው አፈር ግን ያንን አይሞላልሽም። እንዲያውም ከምግብ የምታገኚውን ብረት ሰውነትሽ እንዳይወስድ ሊያደርግ ይችላል። አፈር ውስጥ የወስፋት እንቁላልም ሊኖር ይችላል።

የእርግዝና ክትትል የምታደርጊበት ጤና ጣቢያ ሄደሽ "አፈር ያምረኛል" ብለሽ በግልጽ ንገሪያቸው። በእነዚሁ ቃላት። ደምሽን ይለካሉ። የአይረን ክኒን ሰጥተውሽ ከሆነ በትክክል እየወሰድሽ እንደሆነ ራስሽን ጠይቂ። ብዙ ሴቶች ሆድ ያደርቃል ብለው ይተዉታል። ካስቸገረሽ አትተይው፤ ለሰጠሽ ነርስ ንገሪያት። ምግብ እንደበላሽ ወዲያው ቡናና ሻይ አትጠጪ። ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆይ። ምስርና ጎመን ስትበይ ሎሚ ጭመቂበት። ብረቱን ሰውነትሽ በደንብ እንዲወስደው ይረዳል።

ምልክት ይወጣል የሚባለውን እርሺው። ካልበላሽው ልጁ ላይ ምንም አይወጣም። ሽታው ሲያስቸግርሽ ገብስ ቁዪ። ገብስ ምጣድ ላይ ሲታመስ የሚሰጠው ሽታ ለእኔ በሁለተኛ ልጄ ጊዜ ረድቶኛል። ቆሎውን በኪስሽ ይዘሽ ዙሪ። ለባልሽም ንገሪው። ብቻሽን አትያዢው።

ገጹ እንዳያልቅብኝ ጥቂቶቹን ባጭሩ ልለፋቸው። አቮካዶ ጁስ በቪምቶ ያልሽው ልጅ፣ ይሄ እኮ ሁሉም ጁስ ቤት አለ፤ ለምን እንደደበቅሽው አልገባኝም። ፓፓያ በሎሚና በሚጥሚጣ፣ እኔም እወዳለሁ። ቡናና ሻይ አንድ ብርጭቆ ውስጥ፣ ስፕሪስ ብሎ ማዘዝ ነው፣ ማንም አያፈጥብህም። ያደረ ቀዝቃዛ ሽሮ በዳቦ ጠዋት ጠዋት የሚበላው ወጣት፣ ሽሮው ፍሪጅ ያደረ ከሆነ ብላ። ከአጥማጆቹ ጋር ጥሬ ዓሣ በአዋዜና በሎሚ የምትበላው ግን ተው። ይህን ጠንከር አድርጌ ነው የምልህ። በዓሣ ሥጋ ውስጥ ትል ይኖራል። ስንገፍፍ በዓይናችን እናየዋለን። ሎሚም አዋዜም አይገድለውም። የሚገድለው እሳት ነው። አዋዜውን ተወው አላልኩህም፤ ለብለብ አድርገህ ሳይሆን ዓሣውን በደንብ ጠብሰህ ብላው።

"የደንበጫ ልጅ ነኝ። ግብጦ የልጅነቴ ከረሜላ ነው። ባሌ አዲስ አበባ ነው ያደገው። አንድ ቀን ስበላ አይቶ 'ይሄ የከብት መኖ አይደለም እንዴ?' አለኝ። ከዚያ ወዲህ ቢሮ መሳቢያዬ ውስጥ ነው የማስቀምጠው። አሁን ራሴ ላዘጋጅ ፈልጌያለሁ። እናቴ በከረጢት አስራ ወንዝ ውስጥ ትከተው ነበር። እኔስ ጣና ዳር ባደርገውስ?" — ከሰፈነ ሰላም

ይህ ደብዳቤ ልቤን ነካው። ግብጦን የማይወድ ሰው አላስገድድም። ግን ያላወቀውን ሲንቅ ዝም አልልም።

በመጀመሪያ ለባልሽ እውነቱን ንገሪው። ጥሬ ግብጦ ከብት እንኳ አይበላውም። ይመራል። ገበሬው አጥር ሳያጥርለት የሚዘራው ለዚሁ ነው። ሌላ ሰብል እንቢ ያለበት የደከመ መሬት ላይ ይበቅላል። ሥሩ ከአየር ናይትሮጅን ይይዝና መሬቱን ያድሳል። ፍሬው ደግሞ በፕሮቲን የታወቀ ነው። 100 ግራም ደረቅ ግብጦ ውስጥ ወደ 36 ግራም ፕሮቲን አለ። ባቄላ ከዚያ ያንሳል፣ ወደ 26 ግራም ነው። ጎጃም ውስጥ ስንት ቤት በክረምት በዚህ እንዳለፈ እናትሽ ይነግሩሻል።

ደግሞ ከዚህ ከእኛ ከተማ የሚወጣውን ዓባይን ተከትሎ ቢወርድ መጨረሻው ግብፅ ነው። እዚያ ተርሙስ ይሉታል። በጋሪ ላይ ጨው ነስንሰው ይሸጡታል፣ ሰው መንገድ ላይ ልጣጩን እየተፋ ይበላዋል። ፖርቱጋሎች ከቢራ ጋር ያቀርቡታል። ጣሊያኖችም ይበሉታል። ባልሽ አንድ ቀን ውጭ አገር ሆቴል ውስጥ በትንሽ ሰሃን ቢቀርብለት "ይሄ ምንድን ነው?" ብሎ ከፍሎበት ነበር የሚበላው።

ጣና ዳር የሚለውን ግን አልስማማበትም። እናትሽ ወንዝ ውስጥ ያስቀምጡ የነበረው የሚወርደው ውኃ መራራውን እየያዘ ስለሚሄድ ነው። ሐይቅ ዳር ያለው ውኃ ቆሟል። ከተማው የሚጥለው ቆሻሻም ወደዚያ ይወርዳል። ከዚህም በላይ የጣና ዳርቻ ብልሃርዝያ አለበት። በባዶ እግርሽ ገብተሽ ከረጢት ስታስሪ በቆዳሽ በኩል ይገባል። ለግብጦ ብለሽ አትታመሚ።

ቤት ውስጥ ሥሪው። እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። ከቅዳሜ ገበያ ሁለት ጣሳ እገዛለሁ። ለቅሜ አጥቤ አንድ ሌሊት እዘፈዝፋለሁ። በነጋታው ያንን ውኃ ደፍቼ በአዲስ ውኃ አንድ ሰዓት ያህል እቀቅለዋለሁ። ቆልተው የሚጀምሩም አሉ፣ የእናትሽ ቤት እንዲያ ከሆነ እንዲያ አድርጊ። የተቀቀለበትን ውኃ እደፋለሁ። ለዶሮም ለበግም አልሰጥም። ከዚያ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ይገባል። ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ ውኃው ይቀየራል። አምስት ቀን፣ ሰባት ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ቦታው ቀዝቀዝ ያለ ይሁን፤ አለበለዚያ ይሸታል።

መድረሱን የሚነግርሽ ቀኑ አይደለም፣ ምላስሽ ነው። አንዷን ፍሬ ለሁለት ንከሺ። ጫፏ እንኳ የምትመር ከሆነ ትፊያትና ውኃ መቀየርሽን ቀጥይ። ይህን በቀልድ አትውሰጂው። መራራው ነገር አልካሎይድ የሚባል ነው፣ በብዛት ከተበላ መርዝ ነው። እኔ አንድ ጊዜ እንግዳ መጣብኝና ቸኩዬ በሦስተኛው ቀን አወጣሁት። ትንሽ ይመር ነበር፤ ጨው ይሸፍነዋል ብዬ አንድ ብርጭቆ ሙሉ በላሁ። ከጥቂት ሰዓት በኋላ አፌ ደረቀ። ዓይኔ ብዥ አለ። ግድግዳ ይዤ ነው የሄድኩት። እንግዶቹ ሳይቀምሱት በመቅረታቸው እስካሁን እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ።

መራራው ሲወጣ ጨው አድርጊበት፣ ከወደድሽ ቃሪያ ክተፊበት። በጨው ውኃ ውስጥ ፍሪጅ ቢቀመጥ ቀናት ይቆያል። ለቢሮ ሰው ከማካፈልሽ በፊት ግን "ለውዝ ይስማማሻል?" ብለሽ ጠይቂ። ለውዝ የሚያሳብጠው ሰው ግብጦም ሊያሳብጠው ይችላል።

ከመሳቢያው አውጪው። ቡና ተፈልቶ ቆሎ በሚቀርብበት ሰዓት በአንድ ሰሃን አብረሽ አቅርቢው። ባልሽ ካልፈለገ አይብላ። አንቺ ግን ሳሎንሽ ውስጥ ብዪ።

"እኔና ጓደኞቼ ሐይቅ ዳር ስንወጣ አምባዛ አስጠብሰን እንበላለን። ቤተሰቦቼ ቅርፊት የሌለው ዓሣ አይበሉም። ሥጋው ወፍራም ነው፣ አጥንት የለበትም፣ እወደዋለሁ። ሽታው ግን እጄ ላይ ስለሚቀር ያውቁብኛል ብዬ እፈራለሁ። ምን ላድርግ?"

በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ክንፍና ቅርፊት የሌለው እንዳይበላ የሚለውን ቤተሰቦችህ ይዘዋል። እምነታቸው ነው፣ የሚከበር ነው። መብላት አለመብላቱን ከንስሐ አባትህ ጋር ተነጋገር፣ እኔ በዚያ ገብቼ የምፈርድ ሴት አይደለሁም። እኔ በ26 ዓመት ውስጥ ለሚጠይቀኝ ሁሉ አምባዛ ጠብሻለሁ። ምጣዱንና ቢላዋውን ግን ለብቻ ነበር የማስቀምጠው። የማይበላው ሰው አምኖኝ ነው የሚቀመጠው። አንተም እቤት ይዘህ አትግባ፣ በእናትህ ድስት አታብስል።

ስለ ሽታው፣ አምባዛ ጭቃ ጭቃ ይላል። ከመጠበሱ በፊት በጨውና በሎሚ ታሽቶ ጥቂት ይቆይ፣ ከዚያ ይታጠብ። ለእጅህም ያው ሎሚ ነው። ሳሙና ብቻውን አይለቀውም።

"አባቴ 72 ዓመታቸው ነው። ቡና በስኳር ነክተው አያውቁም። በጨው ነው የሚጠጡት። እንግዳ ሲኖር ግን ያፍሩና ባዶውን ይጠጣሉ፤ በኋላ ጓዳ ገብተው በጨው ይደግማሉ። አሁን የደም ግፊት መድኃኒት ጀምረዋል። ጨውን ልከልክላቸው ወይስ እንዳስለመዱት ልተዋቸው?" — ከግሽ ዓባይ

በጨው የሚጠጣ ትውልድ ነበር፣ ብዙ ገጠር ዛሬም አለ። ስኳር ብርቅ በነበረበት ጊዜ ነው ያደጉት። እንግዳ ፊት ማፈራቸው ይቆጨኛል። እንግዳው ራሱ የአባቱ ቤት እንዲሁ ጠጥቶ ይሆናል።

ግን ግፊት ላለበት ሰው ጨው መቀነስ አለበት። በቀን ሦስት ሲኒ፣ አቦል ቶና በረካ ከነጨው፣ ሲደመር ቀላል አይደለም። ወጡም ላይ ያለው አለ። አትንጠቂያቸው። አንድ ጣት ቁንጥር የነበረውን ግማሽ አድርጊው፣ ከሳምንት በኋላ ደግሞ የዚያን ግማሽ። ምላስ ቀስ ብሎ ይለምዳል። በጨው ፈንታ ጤና አዳም ሲኒው ውስጥ ጣል አድርጊላቸው። ሽታው ስለሚሞላቸው ጨው መጉደሉን ብዙም አያስተውሉትም። ነፍሰ ጡር ሴት ከእናንተ ጋር ቡና የምትጠጣ ከሆነ ግን የእሷ ያለ ጤና አዳም ይቀዳ፣ ማሕፀን ሊያነሳሳ ይችላል። ለአባትሽ ሁለት ቅጠል ይበቃቸዋል፣ ከተክሉ ገና እንደተቀጠፈ።